ከመስኮት ቁራጭ እስከ ሳህን፦ መስታወትን በእቶን መሥራት ለጀማሪዎች

ኮምቦልቻ ውስጥ በርና መስኮት የሚሠራ ሰው ጋ ጎራ ብትሉ ጥግ ላይ የተከመረ የመስታወት ቁርጥራጭ አታጡም፤ ከመዳፍ ይሰፋል፣ ለመስኮት ይጠባል፣ ገዢ የለውም። እኔ የጀመርኩት ከዚያ ክምር ነው። ሁለት ቁራጭ ደራርቤ እቶን ውስጥ አስገባሁ፤ ቀለጡ፣ አንድ ሆኑ። እቶኑ ገና 200 ዲግሪ ላይ ሳለ ቡና ልትጠጣ ለመጣች ጎረቤቴ ላሳይ ብዬ ክዳኑን ከፈትኩት። «ጠቅ!» አለ። አንድ የሆነው ሦስት ሆነ። እሷም «አብሽር፣ ዕቃ ነው» ብላ ስኒዋን አነሳች።

የዚያን ቀን ያልገባኝ ነገር የዚህ መመሪያ ዋና ጉዳይ ነው። ማቅለጡን እቶኑ ይሠራዋል፤ የሰው ጥንቃቄ የሚፈልገው ማብረዱ ነው። ስለ መቁረጥም፣ ስለ ቀለምም አነሳለሁ፤ ብዙ የምቆየው ግን ማብረዱ ላይ ነው።

መስታወት ሲሞቅ ምን ይሆናል

መስታወት እንደ በረዶ «አሁን ቀለጠ» የሚባልበት አንድ ልክ የለውም። ጠባዩ የማር ነው፤ ብርድ ላይ ይደድራል፣ ሲሞቅ ይለዝባል፣ ሲብስበት ይፈሳል። የእቶን ሥራ ማለት የሚፈለገው ልዝበት ላይ ሲደርስ ማስቆም ነው። ለተራ የመስኮት መስታወት ደረጃዎቹ በግምት እነዚህ ናቸው (ሁሉም በሴንቲግሬድ)፦

– ከ700 እስከ 720፦ በራሱ ክብደት ይጎብጣል፤ ከሥሩ ያለውን ቅርጽ ተከትሎ ይተኛል።
– ከ760 እስከ 780፦ የተደራረቡ ቁራጮች ይጣበቃሉ፤ ጠርዛቸው ይከብባል እንጂ አይጠፋም። በእጅ ሲዳስሱት ወጣ ገባ ነው።
– ከ820 እስከ 840፦ ሙሉ ለሙሉ ይዋሐዳሉ፤ ፊቱ ይለሰልሳል።

«በግምት» ያልኩት እቶንና እቶን ስለማይስማማ ነው። የሙቀት መለኪያው የተቀመጠበት ቦታ ብቻ እንኳ የ10 እና የ15 ዲግሪ ልዩነት ያመጣል። የኔን ቁጥር መነሻ አድርጉና የራሳችሁን እቶን ጠባይ በደብተር መዝግቡ።

ይህ ሙያ በቧንቧ እየነፉ ብርጭቆ ከመሥራት ይለያል። መንፋት የመጣው የዛሬ 2,000 ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩ ባለሙያዎች፣ ግብጾቹን ጨምሮ፣ መስታወትን ቅርጽ ላይ አድርገው በእሳት ይሠሩት ነበር። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው 150 ካሬ ሜትር የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥራም ሌላ ዘርፍ ነው፤ እዚያ ባለቀለም ቁራጮቹ በማዕቀፍ ተያይዘው ቆመዋል። እኛ ጋ ማያያዣው ራሱ መስታወቱ ነው።

የትኛውን መስታወት?

አንደኛውና የማይጣሰው ሕግ፦ አንድ ሥራ ላይ የምትደራርቧቸው ቁራጮች ከአንድ መስታወት ላይ የተቆረጡ ይሁኑ። «ሁለቱም ነጭ የመስኮት መስታወት ነው» ማለት አይበቃም። ሁሉም መስታወት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ የሚሰበሰብበት መጠን ይለያያል። ለዚህ ሥራ ተብሎ ውጭ አገር የሚመረተው ባለቀለም መስታወት ላይ 90 ወይም 96 የሚል ቁጥር (በአንድ ዲግሪ ከርዝመቱ ስንት አሥር ሚሊዮንኛ እንደሚለጠጥ) የሚጻፈው ለዚህ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት አስሉት፦ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሥራ 500 ዲግሪ ሲበርድ አንዱ ከሌላው በ0.09 ሚሊ ሜትር ይበልጥ ይሰበሰባል። ከፀጉር ውፍረት ብዙ አይርቅም። መስታወቱ ግን ያቺን አይችላትም፤ በወጣ ዕለት ካልሆነ በሦስተኛው ቀን መደርደሪያ ላይ እንዳለ ይሰነጠቃል። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ባለቀለሙን ቢያመጣላችሁ እሰየው፤ ከመስኮት መስታወት ጋር ግን አታጋቡት። የሚዋሐድበትም የሚረግብበትም (ሲበርድ ውስጡ ያለውን ውጥረት የሚለቅበትም) ሙቀት ዝቅ ያለ ነው፤ ለምሳሌ «ቡልስአይ» የሚባለው ባለ 90ው በ804 ይዋሐዳል፣ በ482 ይረግባል።

ውፍረቱን 3 ሚሊ ሜትር ምረጡ፤ ሁለት ሲደረብ 6 ይሆናል። ይህ ቁጥር የዘፈቀደ አይደለም። ሙሉ ለሙሉ የለዘበ መስታወት ካልታገደ በቀር ወደ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ መሄድ ይወዳል። አንድ ባለ 3 ብቻ ካስገባችሁ ጠርዙ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ ቅርጹ ይበላሻል፤ ሦስት ብትደርቡ ወደ ውጭ ይፈሳል። ባለ 4 ብቻ ካገኛችሁ ሁለቱ 8 ናቸው፤ ጠርዙ ጥቂት ይንሰራፋል፣ ማብረጃው ጊዜም ይረዝማል፣ ግን ይሠራል።

የማይሆኑትን ልዘርዝር። የመኪና የጎን መስታወትና የሻወር በር በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ ልትቆርጡት ስትሉ እንደ በቆሎ ፍሬ ይበተናል። የመኪና የፊት መስታወት መሐሉ ፕላስቲክ አለው። የፊት መመልከቻ መስታወት ጀርባው ቀለምና ብር ነው። እሳት የሚችለው የማብሰያ ብርጭቆ ደግሞ ሌላ ዘር ነው፤ በእኛ ሙቀት እንደ መስኮት መስታወት አይለዝብም። የቢራና የአረቄ ጠርሙስስ? ይሆናል፤ ግን እያንዳንዱ ጠርሙስ ለብቻው። ባዶ ጠርሙስ አስተኝቶ ጠፍጣፋ ማድረግ ይቻላል፤ ጠርሙስን ከመስኮት መስታወት ጋር መደረብ ግን ያው የተለያየ ዘር ጋብቻ ነው።

አንድ የረቀቀ ጉዳይ ሳላነሳ ባላልፍ ደስ ይለኛል። የዛሬው የመስኮት መስታወት የሚሠራው ቀልጦ በተኛ ቆርቆሮ ላይ ተንሳፍፎ ነው፤ ቤት የምንከድንበትን ሳይሆን ብረቱን፣ ቲኑን ማለቴ ነው። የእንግሊዙ ፒልኪንግተን ኩባንያ ይህን ዘዴ ይፋ ያደረገው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ አንዱ ፊት ላይ በዓይን የማይታይ ቲን አለ። ያ ፊት ወደ ላይ ሆኖ መስታወቱ ወደ ጎድጓዳ ቅርጽ ሲተኛ ሊጨማደድና ነጭ ጭጋግ ሊያወጣ ይችላል። መለያው አጭር ሞገድ ያለው የአልትራቫዮሌት መብራት ነው፤ የቲኑ ወገን ወተት መስሎ ያበራል። ብር የሚፈተሽበት ሰማያዊ መብራት ረጅም ሞገድ ስለሆነ አያሳይም። መብራቱ ከሌላችሁ ለመጀመሪያ ሥራ አትጨነቁ፤ ጭጋግ ከወጣ ቀሪውን መስታወት ገልብጣችሁ ተጠቀሙ።

እቶኑ

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ «በከሰል አይሆንም?» ብሎ ነው። ወናፍ ያለው ብረት ቀጥቃጭ መስታወት ማለስለስ አያቅተውም። የሚያቅተው 550 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ከዚያ በሰዓት 60 ዲግሪ እያወረደ ማብረድ ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ እቶን፣ ቢያንስ 900 ዲግሪ የሚደርስ፣ የሙቀቱን ፍጥነት በየደረጃው የሚቀበል ኮንትሮለር ያለው። የሸክላ ዕቃ የሚተኮስበት እቶንም ይሆናል። የሙቀት ሽቦው ክዳኑ ላይ ቢሆን ለመስታወት ይመረጣል፤ በጎን ብቻ ከሆነ ጠርዙ ቀድሞ ስለሚሞቅ ዝግ ብላችሁ አሙቁ። እቶን እስክትገዙ ላብራቶሪ ያለው ትምህርት ተቋም ውስጥ የምታውቁት ሰው ካለ ጠይቁ፤ «ማፍል ፈርነስ» የሚሉት ትንሽ ምድጃ የመዳፍ ስፋት ላለው ሙከራ ይበቃል።

ስለ መብራት፦ የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ወለል ያለው እቶን ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ነው። ምጣድ የቻለ መስመር እሱንም ይችላል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ግን አይችልም፤ የእንጀራ ቀን የእቶን ቀን አይሁን። ደግሞ ምጣድ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይነሳል፤ እቶን አሥር ሰዓት ይሠራል። ልል የሆነ ሶኬት በሁለት ሰዓት የማያሳየውን በአሥር ሰዓት ያሳያል፣ ይቀልጣል። ለብቻው ብሬከርና የመሬት መስመር በኤሌክትሪሻን አስገጥሙ፤ በማከፋፈያ ገመድ ፈጽሞ አትሰኩት። ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን፤ ከግድግዳ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ መጋረጃ፣ ሳር፣ ካርቶን አጠገቡ አይኑር።

ሲሠሩ የምትለብሱት ጥጥ ይሁን። ነጠላና ሻርፕ ይውለቅ፤ ናይለን የተባለ አይቅረብ። ለመቁረጥ መነጽርና ጫማ፣ ዱቄት ለሆነ ነገር ሁሉ ጥሩ የአፍንጫ ጭንብል።

መቁረጥ

የመጀመሪያ ሥራችሁ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ የብርጭቆ ማስቀመጫ ይሁን። ሳህን ኋላ ይደርሳል። ለዚህ ሁለት እኩል ቁራጭ ያስፈልጋል።

ጠረጴዛ ላይ ያረጀ ብርድ ልብስ ዘርጉ። መስታወቱን ጥረጉ፤ አቧራ የመስታወት መቁረጫው ጫፍ ላይ ያለውን ትንሽ መንኮራኩር ያዘልላል። የመቁረጫውን ጫፍ ላምባ ወይም ስስ ዘይት አስነኩት። ከአንዱ ጠርዝ ጀምራችሁ እስከ ሌላኛው ጠርዝ ሳታቋርጡ አንዴ ጫሩ። የሚፈለገው ድምፅ እንደ ጨርቅ ቀደዳ ያለ ወጥ «ሽሽሽ» ነው፤ ጭረቱ ነጭ ዱቄት ካወጣ እጃችሁ ከብዷል። ያልተጫረበት ቦታ ካለ ተመልሳችሁ አትድገሙ። ሁለተኛው ጭረት መቁረጫውን ያደንዛል፣ መስታወቱንም ባልፈለጋችሁት በኩል ይልከዋል።

ከጫራችሁ በኋላ አትቆዩ። ከጭረቱ ጫፍ ሥር ክብሪት እንጨት አስገቡና ከግራና ከቀኝ በአውራ ጣት ጫን በሉ፤ ወይም ሁለቱን እጃችሁን ጨብጣችሁ ከሥር፣ አውራ ጣቶቻችሁን ከላይ አድርጋችሁ ወደ ውጭ ወደ ታች ስበሩት። ጥሩ ጭረት በራሱ ይሄዳል። መስኮት የሚሠራው ሰውዬ ሲሠራ ግማሽ ሰዓት ቁሙና እዩት፤ እኔ ከየትኛውም ቪዲዮ ይበልጥ የተማርኩት ከሱ እጅ ነው፤ «አትፍራው እንጂ አትጫነው» አለኝ። ለሥራ የምትቆርጡትን ከመንካታችሁ በፊት ከቁርጥራጩ ሃያ ያህል ቀጭን ቁራጭ ቁረጡ።

የጠርዙን ስለት በመሳያ ድንጋይ እያረጠባችሁ ግደሉት። ደረቅ አትሳሉ፤ የሚወጣው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ይቀራል።

ማጠብና ንጣፉን መቀባት

ቁራጮቹን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥባችሁ፣ በደንብ አለቅልቃችሁ፣ ክር በማይተው የጥጥ ጨርቅ አድርቁ። ውሃው በራሱ እንዲደርቅ አትተዉት፤ ነጠብጣቡ ይቀራል። ከዚህ በኋላ በጠርዙ ብቻ ያዙት። የጣት አሻራ በ830 ዲግሪ አይጠፋም፤ ጭራሽ ይታተማል።

እቶን ውስጥ መስታወቱ የሚያርፈው እሳት የሚችል ጠፍጣፋ ንጣፍ ላይ ነው፤ በቀጥታ ከተቀመጠበት ግን ተጣብቆ ይቀራል። መሐል የሚገባው መለያ ቅብ ነው፦ የአሉሚና ሃይድሬትና የካኦሊን ዱቄት። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው አንድ እጅ ዱቄት በአምስት እጅ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከወተት ብዙም አይወፍርም። ለስላሳ ብሩሽ ይዛችሁ አራት ወይም አምስት ስስ ቅብ፣ አንዱን በቁመት፣ ቀጣዩን በወርድ፣ ቀጣዩን በሰያፍ። የብሩሹ መስመር ከታየ መስታወቱ ሥር ይታተማል። ከእያንዳንዱ ሙሉ ማዋሐድ በኋላ አሮጌውን ፍቃችሁ አዲስ ቀቡ፤ ለመፋቅ ጭንብል አድርጉ።

ቅቡ ፍጹም ካልደረቀ ከሥር የሚወጣው እንፋሎት መስታወቱን እንደ ፊኛ ይነፋዋል። ኮምቦልቻ ላይ የአንድ ከሰዓት ፀሐይ ይበቃል። የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ከሆናችሁ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ በፀሐይ አታምኑ፤ የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሶ ሳምንት ሊቀመጥ ይችላል። ባዶውን ንጣፍ እቶን ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ 260 ዲግሪ አድርሱና 20 ደቂቃ ያዙት።

የመጀመሪያው ማቃጠል

ሁለቱን ቁራጮች ደርባችሁ ንጣፉ መሐል አስቀምጡ። ጠዋት 12 ሰዓት ከጀመራችሁ ቀኑ እንዲህ ይሄዳል፦

1. በሰዓት 150 ዲግሪ እያላችሁ እስከ 670። አራት ሰዓት ከሩብ ያህል ይወስዳል። እስከ 540 ገደማ ድረስ መስታወቱ ገና ደረቅ ነው፤ አንዱ ጎኑ ከሌላው ቀድሞ ከሞቀ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አትሽቀዳደሙ።

2. 670 ላይ 30 ደቂቃ። የላይኛው ቁራጭ ቀስ ብሎ ሲተኛ መሐል ያለው አየር በጎን ይወጣል። ይህን የዘለለ ሰው ሥራው መሐል ትልቅ አረፋ ያገኛል።

3. ከዚያ እቶኑ በቻለው ፍጥነት እስከ 830፣ እዚያ 10 ደቂቃ። ከ700 እስከ 800 ያለው መንገድ መስታወት ጉም የሚለብስበት ነው፤ ፊቱ ላይ ጥቃቅን ክሪስታል ይሠራና ይደፈርሳል። የመስኮት መስታወት ለዚህ ችግር የተጋለጠ ስለሆነ ፈጥኖ ማለፍ ነው። ወርቅ ሠሪዎች ለብየዳ የሚጠቀሙበት ቦራክስ በሙቅ ውሃ ተሟሙቶ ከላይ በስሱ ከተረጨና ከደረቀ ይረዳል።

4. ወደ 550 በራሱ ይውረድ፤ ክዳኑን አትክፈቱ።

5. 550 ላይ አንድ ሙሉ ሰዓት።

6. በሰዓት 60 ዲግሪ እያለ ወደ 430፤ ከዚያ በሰዓት 110 እያለ ወደ 320፤ ከዚያ ማጥፋት። ሰዓቱ ከቀኑ 10 ወይም 11 ይሆናል።

7. እስከ ነገ ጠዋት አለመንካት።

አምስተኛውና ስድስተኛው ማርገብ ይባላሉ፤ ሥራው እዚህ ነው። ከ550 በላይ መስታወቱ ውስጡ የፈለገውን ያህል ቢወጠር ለስላሳ ስለሆነ ራሱን ያስተካክላል። ከ500 ገደማ በታች ደርቋል፤ ያን ጊዜ የያዘውን ውጥረት ይዞ ይቀራል። ውጪው ቶሎ በርዶ ውስጡ ገና ትኩስ ሆኖ ከደረቀ፣ ውስጡ ኋላ ሲሰበሰብ ውጪውን ይስበዋል። በዓይን ምንም አይታይም፤ ሳህኑ ያምራል። ከዚያ አንድ ቀን ሙቅ ውሃ ሲነካው ሁለት ይሆናል። አንድ ሰዓት ያልኩት ለ6 ሚሊ ሜትር ነው። ለ8 አንድ ሰዓት ተኩል አድርጉት፣ ቁልቁለቱንም በሰዓት ወደ 45 አዘግዩት። ጊዜ ማብዛት መስታወትን አይጎዳም፤ የሚጎዳው ቆጣሪያችሁን ነው።

መብራት ሲጠፋ

አይጠፋም ብላችሁ አትጀምሩ። ሲጠፋ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ፤ መብራት ሲመለስ ከፍ ብሎ ሊመጣና ኮንትሮለሩን ሊያቃጥል ይችላል። ክዳኑን አትክፈቱ፤ ማያ ቀዳዳ ካለ ድፈኑ። ብርድ ልብስ አልብሱት ያላችሁ ሰው ካለ አትስሙት፤ የእሳት አደጋ ነው። የመጨረሻውን ሙቀትና ሰዓቱን ጻፉ።

ሙቀቱ እየወጣ ሳለ ከ540 በታች ከጠፋ ምንም አልተበላሸም፤ ሲመለስ ካለበት ተነስታችሁ በዚያው ዝግታ ቀጥሉ። ላይ፣ 800ዎቹ ውስጥ ከጠፋ እቶኑ ቀስ እያለ ስለሚወርድ ጉም ሊለብስ ይችላል፤ ቅርጹ ግን አይሞትም። ክፉው ማርገቡ ላይ ሲጠፋ ነው። ትንሽ እቶን ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይበርዳል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «አለቀ» ብሎ ይተዋል፤ አላለቀም። መስታወቱ ካልተሰነጠቀ፣ መብራቱ በማግሥቱ ቢመጣ እንኳ፣ ካለበት ሙቀት በሰዓት 100 እያላችሁ ወደ 550 መልሱት፣ ሰዓቱን ስጡት፣ እንደገና አውርዱት። ማርገብ የሚደገም ነገር ነው። እኔ ለአንድ ሳህን ሦስት ጊዜ ደግሜ አውቃለሁ፣ ዛሬም ሎሚ ተቀምጦበታል።

ከፍቶ ማንበብ

እቶኑ ለብ እስኪል ድረስ አትክፈቱ፤ 50 ዲግሪ እና ከዚያ በታች። የደሴ ንጋት አየር ከሚመስላችሁ በላይ ይቀዘቅዛል።

ከተሰነጠቀ ወዲያው አትጣሉት፤ ስንጥቁ የሚናገረው አለ። የስንጥቁ ጠርዝ ክብ ብሎ ከለሰለሰ የተሰበረው ሲሞቅ ነው፤ ከተሰበረ በኋላ ቀልጧልና። አንደኛውን ደረጃ አዘግዩ። ጠርዙ ስለታም ከሆነ የተሰበረው ሲበርድ ነው። ስለታም ሆኖ መሐሉን እንደ መንጠቆ ታጥፎ ካቋረጠ ማርገቡ አልበቃም። ሁለቱ ቁራጭ የተጋጠሙበትን መስመር ተከትሎ ከሄደ ግን ማርገብ አያድነውም፤ ዘራቸው አይስማማም ማለት ነው።

ያልተሰነጠቀውንም መመርመር ይቻላል። የላፕቶፕ ስክሪን ነጭ አድርጋችሁ፣ ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነጽር ከዓይናችሁ ፊት እያዞራችሁ ስክሪኑ እስኪጠቁር ጠብቁ። አሁን መስታወቱን በመሐል አስገቡ። ጠቁሮ ከቀረ ረግቧል። የሆነ ቦታ ላይ ነጭ ብርሃን ካወጣ ውጥረቱ እዚያ ነው፤ መልሳችሁ አርግቡት። ሁለት የማታውቋቸው መስታወቶች ይስማሙ እንደሆነም እንዲሁ ይታወቃል፦ ከአንዱ ትንሽ ቁራጭ ከሌላው ላይ አዋሕዱና ዙሪያውን እዩ።

ወደ ሳህን

ሳህን ሁለት ጊዜ እሳት ያያል፦ መጀመሪያ ጠፍጣፋ ሆኖ ይዋሐዳል፣ ቀጥሎ ቅርጽ ላይ ይተኛል። ቅርጹን ሸክላ የሚሠሩ እናቶች ጋ እዘዙ። «እትዬ፣ እንደ ወጪት አድርገው፣ ግን አፉ ሰፋ፣ ሆዱ ጎድጎድ ሳይበዛ፣ ቅባት ያልነካው፣ ያልተወለወለ» በሏቸው። ሳይደርቅ መሐሉን በስንደዶ ይብሱት፤ አየር የሚወጣበት ነው። ምን እንደሚሠራበት ሳይገባቸው ይስቃሉ፤ ሳህኑን ወስዳችሁ ስታሳዩ ይመርቃሉ።

ሸክላው ቤት ሲመጣ ባዶውን በጣም ቀስ አድርጋችሁ 750 ድረስ አሙቁት፤ የሚሰነጠቅ ከሆነ ያለ መስታወት ይሰነጠቅ። ከዚያ መለያ ቅብ ቀቡት። የብረት ጎድጓዳ ውስጥ አታስተኙ፤ ብረት ሲበርድ ከመስታወት ይበልጥ ስለሚሰበሰብ አንቆ ይሰብረዋል። እስቴንሌስ ሳህን ካላችሁ ደፍታችሁ ከጀርባው ላይ ማስተኛት ነው የሚሆነው።

የተዋሐደው መስታወት አሁን አንድ ወፍራም አካል ስለሆነ ሲሞቅ ይበልጥ ይፈራል፦ በሰዓት 100 እስከ 540፣ ከዚያ በ150 እስከ 700፣ 10 ደቂቃ። ከ680 ጀምሮ በማያ ቀዳዳው እያያችሁ ቆዩ፣ መነጽር አድርጋችሁ። መሐሉ ቀድሞ ይወርዳል፣ ጠርዙ ይከተላል። ሲተኛ አቁሙ፤ ከዚያ በኋላ የምትጨምሩት ደቂቃ የሸክላውን ወጣ ገባ ሁሉ ያትምበታል። ማርገቡ 550 ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ቁልቁለቱ እንደ ቀድሞው።

ጀርባው ላይ የቀረውን ነጭ ቅብ በኮምጣጤና በብሩሽ እጠቡ። ባዶ የመስኮት መስታወት ለምግብ አይከፋም፤ ምንነቱን የማታውቁት ቀለም የተቀባ ግን ጌጥ ሆኖ ይቅር። ከምድጃ የወረደ ጀበና አታስቀምጡበት፤ የጀበና ቦታ ማቶት ነው።

ቀለም ከየት?

የመስኮት መስታወት ቀለሙ አንድ ነው፤ በጠርዙ በኩል ስታዩት ብረት ያለበት አረንጓዴ። ለጀማሪ ሁለት ርካሽ መንገድ አለ።

መዳብ፦ ከመብራት ገመድ የተላጠ ቀጭን ሽቦ በመዶሻ ጠፍጥፋችሁ በሁለቱ ቁራጭ መሐል አስገቡ። ከቀይ ቡኒ እስከ አረንጓዴ ሰማያዊ ይወጣል፣ ምን እንደሚሆን ግን አስቀድማችሁ አታውቁም። ስስ ይሁን፤ መዳብ ሲሞቅና ሲበርድ የሚለዋወጠው ከመስታወት ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሆነ ወፍራም ሽቦ ይሰነጥቀዋል።

ቤኪንግ ሶዳ፦ በጥቂት ውሃ አሟሙታችሁ በታችኛው ቁራጭ ላይ በብሩሽ ሳሉ፣ ሲደርቅ ሌላውን ክደኑበት። የሳላችሁበት ቦታ ሁሉ የጥቃቅን አረፋ መስመር ይሆናል። ይቺን እወዳታለሁ፤ የሐበሻ ቀሚስ ጥበብ ላይ ያለውን ጥልፍ ሞክሬባት አምሮልኛል።

የተፈጨ መስታወት ልትነሰንሱ ከፈለጋችሁ የብረት ሙቀጫ ለብቻው ያዙ፤ ዱቄቱን በማግኔት አስሱ፣ የብረት ፍርፋሪ ካለ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ቡና የሚወቀጥበትን ሙቀጫ ግን አትንኩ፤ የመስታወት ስባሪ ከእንጨት ውስጥ አይለቅም።

ሙከራ ሁሉ 5 በ5 በሆነ ቁራጭ ይሁን፤ አንድ ንጣፍ ላይ ዘጠኝ ያህል ይገባል። ሳይነካኩ አራርቁ። በማርከር ቁጥር ጽፋችሁ አታስገቡ፣ ማርከሩ ይቃጠላል፤ በመቁረጫም አትጫሩ፣ ጭረቱ ቀልጦ ይጠፋል። የትኛው የት እንደተቀመጠ ደብተር ላይ ሳሉና፣ ሲወጡ በዚያ ቅደም ተከተል ጀርባቸው ላይ ጻፉ።